የአማረ ድርሻ

ወድቆ የሞተ ሰው ራሱን አያለብስም። ኢንስፔክተር ዘመናይ ከደብረ ማርቆስ ተነስታ ሮብ ገበያ ደርሳ ሬሳውን ስታይ መጀመሪያ ያሰበችው ይህንን ነው። የባና ሸማኔዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ አማረ፣ ከሱፍ መጋዘኑ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አዲስ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ እስከ አንገቱ ለብሷል።

«እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሽው?» አለች።

«እንዲሁ ነው» አለች የፈታዮቹ አለቃ የኔአለም፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ከምሳ በኋላ ሱፍ ላወርድ ስመጣ አየሁት። የነካሁት ነገር የለም።»

የቀሩት ሠራተኞች ሱፍ ሊገዙ ወደ ጮቄ ተራራ ስለወጡ፣ ግቢው ውስጥ ከሟቹ ጋር የዋሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። የወረዳው ፖሊሶች ግን ነገሩን ጨርሰውታል። ጠዋት የማኅበሩ ሻጭ አብይ «ዋሽተኸኛል! ‹ማኅበሩ ማርቆስ ላይ የሚከፍተው ሱቅ ያንተ ነው› አላልከኝም?» እያለ አማረ ላይ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ አብይን በካቴና አስረው በር ላይ አቁመውታል። እናቱ ከአጥር ውጭ ትጮኻለች። ልጇ በሰው መግደል ከተወሰደ መቼ እንደሚመለስላት የሚያውቅ የለም።

ዘመናይ የሚቸኩል ሰው አትወድም፤ የሚቸኩል ፖሊስ ደግሞ ጭራሽ።

«አማረ ምን ዓይነት አለቃ ነበር?» ስትል የኔአለምን ጠየቀቻት።

«እንደሱ የሰው ሆድ የሚያውቅ የለም። ሠራተኛ ማነቃቃት የሚባል ሥልጠና ባሕር ዳር ወስዶ ከመጣ ወዲህማ፣ ሰኞ ሰኞ ለየብቻ እየጠራ ‹ምን ከፋሽ? ምን ትመኛለሽ?› ይለናል። እኛም ነፍስ አባታችን ይመስል የሆዳችንን እንዘረግፍለታለን።»

«አንቺ ምን ተመኘሽ?»

የኔአለም አመነታች። «ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር… የማርቆሱን ሱቅ ለእኔ ሊሰጠኝ ነበር።»

 ዘመናይ የኔአለምን አስከትላ ሽመናው ቤት ገባችና ወደ ሽማግሌው ሸማኔ ወደ ጋሼ ወልደ ገብርኤል ዞረች። እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ከተው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ግን ሥራ ፈቷል።

«እርስዎስ ጋሼ? ምን ቃል ገባልዎ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ምን ቃል እሻለሁ ልጄ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

የምሳው ትሪ ጥግ ላይ እንደተከደነ ነበር። ዘመናይ ክዳኑን ገለጠችው። የገብስ ዳቦ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል።

«አማረ አብሯችሁ ይበላል?»

«ሁልጊዜ» አለች የኔአለም። «ሥራ ስለሚይዘው ይዘገያል እንጂ። ዳቦው ሲቆረስ መጀመሪያ የሚነሳው የሱ ድርሻ ነው። የቀረ ሰው ድርሻ መብላትማ ነውር ነው።»

«ዛሬስ የታል?»

የኔአለም ባዶውን ትሪ አየችው። «እኔ እንጃ… አሁን ይመጣል እያልን ነበር እኮ የበላነው!»

ዘመናይ ወደ በሩ ሄደች። «አብይ፣ ተቀይመኸው ድርሻውን አታስቀምጡለት አልክ?»

«ብቀየመውስ እንጀራውን እቀማዋለሁ?» አለ አብይ ተቆጥቶ። «ደግሞ ባርከው የሚቆርሱት ጋሼ ናቸው፤ ትልቃችን እሳቸው አይደሉ?»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ሽመናው ቤት ሰበሰበቻቸው። ፖሊሶቹም ገቡ።

«አማረን ያለበሰው የሚወደው ሰው ነው» ስትል ጀመረች። «ጠላት ጥሎ ይሄዳል እንጂ ዓይን አይከድንም። ሁለተኛ፣ አማረ አንዱን ሱቅ ለአብይም ለየኔአለምም ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ሁለቱን በዚህ ያተጋ ሰው፣ ከሁሉም በላይ የሚሠራውን ሦስተኛውን እንዲሁ ተወው ቢሉኝ አላምንም። ሦስተኛ፣ የሚመጣ ሰው ድርሻ ይነሳለታል። ዳቦውን የቆረሰው ሰው ግን አማረ እንደማይመጣ ያውቅ ነበር።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ወልደ ገብርኤል ዞሩ።

«ሸማኔ እየተባልሁ ነው ያረጀሁ» አሉ ሽማግሌው። «በሰርጉም በተዝካሩም ጥግ እየተሰጠኝ። እሱ ይህን ሲሰማ ‹ማርቆስ ላይ የሱቁ ኃላፊ ይባላሉ፤ ሰው ተነስቶ ይቀበልዎታል› አለኝ። አምኜው ዓይኔ እስኪፈዝ ሠራሁለት። ጠዋት አብይ ሲጮህ ሰማሁና መጋዘኑ ድረስ ወጥቼ ጠየቅሁት። ሳቀ። ‹ጋሼ፣ ሰው ያለ ተስፋ ይሠራል እንዴ?› አለኝ። ገፋሁት። ይሙት ብዬ አልነበረም… እንደ ልጄ ነበር የማየው። ብርድ እንዳይመታው አለበስሁት።»

«ድርሻውን ቢያስቀምጡለት ኖሮ እዚህ ባልደረስሁ» አለች ዘመናይ።

«በአፌ ዋሽቻለሁ። የባረክሁትን ዳቦ ይዤ መዋሸት ግን አቃተኝ።»

የኔአለም እንባዋን መጥረግ ተወች። ያለቀሰችለት ሰው እሷንም እንዳታለላት የገባት አሁን ነው። ተናደደች፤ የበለጠ ያናደዳት ግን አሁንም ማዘኗ ነበር።

ፖሊሱ የአብይን ካቴና ፈታ። አብይ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ጋሼ፣ እጄ የታሰረው እኮ ፊትዎ ነው። እናቴ ስትጮህ ሰምተዋል።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ራሳቸው ዘረጉ።

«እሱስ ዋሽቶኝ ነው» አሉ። «አንተን ግን ምን አድርገኸኝ ነው ያሳሰርሁህ?»

 አብይ ወደ እናቱ ወጣ።