ቅንድብ ያልተሣለላቸው ፊቶች

እንደ ድምቡሼ አባባል ከሆነ፣ የቀለሙን ጠርሙስ በክርኗ ገፍታ የደፋችው የክፍል ጓደኛዋ ጭረት ናት። ጭረት እንደምትለው ደግሞ፣ ጠርሙሱ ሲወድቅ እሷ መስኮት እየዘጋች ነበር፤ ዞር ስትል ጥቁር ቀለም በትምህርት ቤቱ መጽሔት ገጾች ላይ ሲፈስ አየችና ሮጣ ጠርሙሱን አነሳች። መጽሔቱን የሚሥሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ያየ የለም። የሥዕል መምህራቸው ሲገቡ ግን ቀለም የነከረው የጭረትን እጅጌ ነበር። የድምቡሼን ሸሚዝ ጠብታ እንኳ አልነካውም።

«ያበላሸ ያቃናል» አሉ መምህሩ። «እስከ ሰኞ ሁሉንም ገጽ እንደገና ትሥያለሽ። ከዚያ በኋላ ከመጽሔቱ ትወጫለሽ።»

ጭረት አንድ ጊዜ «እኔ አይደለሁም» አለች። ለመድገም አፏ እሺ አላላትም። ከዚያ ወዲህ ውስጧ ሲቀመጡበት እንደደነዘዘ እግር ሆኗል፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አክስቷ ልብስ ከምትሰፋበት ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጣ ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች። እዚያ የሚወጣው ሠዓሊዋ የራሷን መልክ የምትሥልበት ካርቱን ነው። አንዱን ፊት በሦስት መስመር ብቻ ጨረሰችው። አንዱን ጭንቅላቱን እንደ ፊኛ ነፍታ ሰውነቱን የክብሪት እንጨት አሳከለችው። አንዱ ከላይ እስከ ታች አፍንጫ ሆነ።

አክስቷ ክሩን በጥርሷ በጥሳ አንገቷን አሰገገች። «ይቺ ድንች ደግሞ ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ይቺ አፍንጫዋ ቀድሟት የደረሰችውስ?»

«እሷም እኔ ነኝ።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ የሁላችሁም ቅንድብ የት ሄደ? ተላጫችሁ እንዴ?»

እውነትም አንዱም ፊት ቅንድብ የለውም። ካርቱን ላይ ስሜት የሚናገረው ቅንድብ ነው፤ ወደ አፍንጫ ቢያዘቀዝቅ ቁጣ፣ መሃል ላይ ቢነሳ ኀዘን። ስለዚህ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምትሥለው። ዛሬ ግን የቱን እንደምትሥል አላወቀችም። እርሳሷን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

በሩ ተንኳኳ። ድምቡሼ ናት፤ የተበላሹትን የራሷን ገጾች በብብቷ ይዛለች።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ!» ብላ ወንበር ሳበችና ወደ ጭረት ጆሮ ተጠጋች። «ተቀይመሽኛል አይደል? ደንግጬ እኮ ነው። አባዬን ታውቂው የለ፣ ቢሰማ ቆዳዬን ነው የሚገፈው። አንቺ ደግሞ እጅሽ ፈጣን ነው፤ መምህሩስ ሁሉንም ገጽ አሉሽ የለ፣ የእኔን መጨመር ላንቺ ምን አላት?»

«እሺ» የሚለው ቃል ጭረት ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። እሺ ብሎ መገላገል ይቀላል። እጇን ዘርግታ ገጾቹን ተቀበለች።

ድምቡሼ እፎይ አለች። ወዲያው ሥዕሎቹን አይታ በሳቅ ፈነዳች። «ይቺ ባለ ፊኛ ጭንቅላቷ ትመቻለች! የእኔ ታሪክ ውስጥ አስገቢያት። መጨረሻ ላይ የቀለም ጠርሙስ ትድፋ። ተማሪው በሳቅ ፍርፍር ነው የሚለው!»

«ማን ትድፋ?»

«አንቺ ነሻ! ማለቴ... ካርቱኗ። ፋራ አትሁኚ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

ለጭረት ባለ ፊኛ ጭንቅላቷ ልጅ ታትማ፣ ጠርሙስ ጨብጣ፣ ከክፍል ክፍል ስትዞር ታየቻት። ንዴት ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። እንባም አልመጣም። ቢሆንም ገጾቹን ሰብስባ ጠርዛቸውን አስተካከለችና ድምቡሼ ጉልበት ላይ መልሳ አኖረቻቸው።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«የእኔን ገጾች እኔ እሥላለሁ» አለች ጭረት፣ አክስቷ ትሰማለች ብላ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «የአንቺን አንቺው ትሥያለሽ። ሰኞ ጠዋት መምህሩ ቢሮ ገብቼ የሆነውን እነግራቸዋለሁ። ከመጣሽ አብረን እንገባለን፤ ካልመጣሽ ብቻዬን እገባለሁ።»