የመፍቻው ጥላ

መካኒኩ ቦይለሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የጥራት ሽልማት ዳኞች የሚመጡበት ጠዋት ነበር። የሳሙና ፋብሪካው ባለቤቶች ዘንድሮ ካልተሸለምን በሩን እንዘጋለን ብለዋል፤ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ሬሳው ሳይነሳ ስለ ወለሉ ተጨነቀ።

«አዳልጦት ነው» አለ መርማሪውን ሲቀበል። «እባክዎ ቶሎ ይጨርሱልን።»

መርማሪው ጎንበስ አለ። ወለሉ ደረቅ ነው፤ የሟቹ ማጅራት ግን ተፈንክቷል። ከሟቹ ራስ በላይ የእንፋሎት ማስተንፈሻው ብሎን እስከ ግማሽ ድረስ ተፈቷል፤ መፍቻ ግን በአካባቢው የለም። ቀና ሲል ትልቁን መፍቻ ግድግዳው ላይ አየው፤ በነጭ ቀለም በተሳለለት ጥላ ላይ ተሰቅሏል። ለሽልማቱ ሲባል ለእያንዳንዱ መሣሪያ እንዲህ ያለ ጥላ ተስሎለታል። ዕድሜውን ሙሉ ለለፋ ሰው ወንበር የነፈገ ፋብሪካ ለመዶሻ ማረፊያ አበጀ።

የክፍሉን ቁልፍ ከሟቹ ሌላ የያዙት ሦስት ሰዎች ናቸው። መርማሪው ከግድግዳው አንድ መዶሻ አውርዶ መተላለፊያው ላይ ጣለና አንድ በአንድ አስጠራቸው።

ሥራ አስኪያጁ መዶሻውን ተራምዶት አለፈ። የጥራት ኃላፊዋ «ማነው ይሄን እዚህ የጣለው? አንሱት እንጂ!» ብላ ጮኸች፤ እጇን ግን አልሰደደችም።

«ሟቹ ዕቃ ወደ ቦታው ይመልስ ነበር?» አላት መርማሪው።

«እሱ? ስንቴ ለመንኩት! ‹ለመፍቻ ጥላ ትስላላችሁ፣ እኔን ማን አየኝ› ነው መልሱ።»

በመጨረሻ የፈረቃ አለቃው፣ የሟቹ እህት ባል፣ ገባ። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። «ጋሼ አባቴ ማለት ነበር» እያለ መዶሻውን አነሳ፤ ከኪሱ ባወጣው ጨርቅ ወለወለው፤ ልብ ሳይለው ጥላው ላይ ሰቀለው።

መርማሪው ሦስቱንም ግድግዳው ፊት ሰበሰባቸው።

«ሰውየው ብሎን እየፈታ ሞተ። መፍቻው ግን ተሰቅሏል። በቁሙ ያልሰቀለ ሞቶ አይሰቅልም። መዶሻዬን ሥራ አስኪያጁ ተራመዱት፣ የጥራት ኃላፊዋ አንሱት ብለው አዘዙ። ያነሳ፣ የወለወለ፣ የሰቀለ አንድ ሰው ብቻ ነው።» መፍቻውን አወረደው። ነጩ ጥላ ላይ ደም ታትሟል። «የፊቱን ወለወልከው፤ ጀርባውን ረሳኸው።»

የፈረቃ አለቃው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ማስተንፈሻው ተደፍኗል፣ ሳይፈነዳብን ፈትቼ ለዳኞቹ አሳያለሁ አለኝ። ጋሼ በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በል አልኩት። እምቢ አለኝ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዴት እንሄዳለን? በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

የጥራት ኃላፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የዳኞቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ‹ራሳችሁ ያገኛችሁትን ጉድለት አሳዩን› ነው። ትልቁ ነጥብ ለሱ ነው። ጋሼ ሊያሸልመን ነበር።»

«ማን ነገረኝ?» አለ የፈረቃ አለቃው። «እናንተ ያስተማራችሁኝ ዕቃ መስቀል ብቻ ነው።»

ውጭ የዳኞቹ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሥራ አስኪያጁ ባዶውን ጥላ አይቶ ደነገጠ።

«እባካችሁ፣ አንዳችሁ መፍቻውን ወደ ቦታው!»

ካቴና የገባበት እጅ በልማድ ተዘረጋ።