የረጋው ዘይት

ኢንስፔክተሯ ሬሳ ክፍል ስትገባ ሐኪሙ ከሟቿ ልብስ ሰፊ የተቀዳውን ደም በብልቃጥ ይዞ ቆሞ ነበር። ላዩ እንደ ወተት ነጥቷል።

«ይሄ ደም ነው?»

«ደም ነው። ነጩ ስብ ነው። ስብ የሚፈጨው ኢንዛይም ነበራት፤ ኢንዛይሙን የሚቀሰቅሰው የደም ፕሮቲን ግን ስትወለድም አልነበራትም። ወፍጮው አለ፣ የሚያዞረው የለም። ስቡ ደሟ ውስጥ ተከማችቶ ቆሽቷን አነደደው።»

«ቆሽቴ አረረ የሚባለው ለካ እውነት ነው።»

«እሷ ላይ እውነት ሆነ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነፍሰ ጡር ነበረች። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። እርግዝና ስቡን ያበዛዋል፤ ቢሆንም ያዘዝኩላትን ዘይት ብቻ ብትበላ ትችለው ነበር። ያ ዘይት ፕሮቲኑን ሳይፈልግ በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ፍሪጅ ውስጥ እንኳ አይረጋም።»

ሟቿ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፤ ሹፌር የሆነው የሟቿ ባል፣ እናቷ፣ በዚያው በሽታ የምትሰቃየው ታናሽ እህቷ። ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ ፍሪጁን ከፈተች። በመድኃኒት ቤቱ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዘይት ከታች ረግቷል። መልሳ ዘጋችው።

«እኔ ዘይቱን አልነካም፤ የሷና የእህቷ ነው» አለ ሹፌሩ።

«ልጅ አስባችሁ ነበር?»

«አንዴ ወርዶባት ፈርታ ነበር። እኔም አልጎተጎትኳትም።»

ታናሺቱ የእህቷን መቀስ ይዛ ተቀምጣለች።

«አንቺም ከዚሁ ጠርሙስ ነው የምትበዪው?»

«አዎ። ሰሞኑን ግን እማዬ ቅቅል ብቻ ስትሰጠኝ ሰነበተች። ሆድሽ ይረፍ ብላ።»

«አሞሽ ነበር?»

«ኧረ ደህና ነበርኩ።»

እናትየው አልጋ ጫፍ ላይ ኩርምት ብለዋል። «ሁለት ወንዶች ልጆቼን በዚሁ በሽታ ቀብሬያለሁ፣ ልጄ። አሁን ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ነፍስ።»

ኢንስፔክተሯ «አይዞዎት» አለቻቸውና ሐኪሙን አስጠራች።

ያልተጨረሱ ቀሚሶች በተሰቀሉበት ሳሎን ሁሉም ተሰበሰቡ።

«የታዘዘው ዘይት አይረጋም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ረግቷል። ስለዚህ በተራ የምግብ ዘይት ተቀይሯል። ሁለቱም እህትማማቾች ከሱ የሚበሉ ከሆነ፣ ሁለቱም መታመም ነበረባቸው። ታናሺቱ አልታመመችም። የቀየረው ሰው እሷን ከጠርሙሱ አርቋታል።»

ሹፌሩ ወደ አማቱ ዞረ።

«እርግዝናዋን ደግሞ ከሐኪሙና ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም» ስትል ቀጠለች። «እርስዎ ግን ሁለት ነፍስ አሉኝ።»

«እርጉዝ ነበረች?» አለ ሹፌሩ።

እናትየው አልካዱም። «ጠዋት ጠዋት ስታስመልስ አየኋት። እናት አይደለሁ? በፊትም ባመማት ጊዜ ፅንሱ ወረደ፣ እሷ ተረፈች። ትንሽ ቢያማት ይወርድላታል ብዬ ነው። የወለዱት ልጅ እጅ ላይ ሲያጣጥር ማየት ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። እሷ እንዳታየው ብዬ ነው።»

ሐኪሙ ቢተወው በወደደ ነበር። ግን ሹፌሩ አፍጥጦ ያየዋል።

«በሽታው ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይወጣም» አለ ሐኪሙ። «የባሏን ደም እንድመረምር ለምናኝ ነበር። ውጤቱ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። እሱ ንጹህ ነው። ልጁ አይታመምም ነበር።»

«ለመንጃ ፈቃድ ነው ብላ ነው ያስመረመረችኝ» አለ ሹፌሩ።

እናትየው አላለቀሱም። ኢንስፔክተሯ ክንዳቸውን ይዛ ስታስነሳቸው እንደ ባዶ ከረጢት ቀለሏት። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ታናሺቱ ዞሩ።

«የምትበዪውን ማን ያይልሻል?»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።