የድንበሯ በለስ

ጠጋ በሉ እስቲ ልጆቼ፤ እግራችሁንም ዘርጉት፣ የሚቆጣችሁ የለም። ይቺን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ሄዷል፤ እኔም ደክሞኛልና ሳልረሳት ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ጢሮስ ዳር፣ በስደተኞች ሰፈራችን የወጣቶች ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ከገሊላ ከተፈናቀልን ስድሳ አንደኛው ዓመት እየመጣ ነበር። ለመታሰቢያው ቀን መንደራችን ዴይር ሱማቅ ከነቤቷ፣ ከነውኃ ጉድጓዷ ግድግዳው ላይ ትሳል ተባለና ሥራው ለጁማና ተሰጣት። ጁማና ሕፃናትን ሥዕል ታስተምራለች። መንደሯን ግን በዓይኗ አይታት አታውቅም፤ እናቷም አላየቻትም።

ግድግዳውን የሚለስነው ዋኢል ነበር። ምህንድስና ተምሯል፤ እዚህ አገር ለኛ ሰው በዚያ ሙያ መሥራት ስለማይፈቀድ ግን ልስን ይለስናል። ጁማና ቀለሟን ይዛ መጥታ ግድግዳውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«መቼ ይደርቃል?»

«የባሕሩ ርጥበት ሲለቀው። እስከዚያ አረፍ በይ።»

አረፍ አለች። ልስኑ በሦስተኛው ቀን ደረቀ። እሷ ግን በአራተኛውም በአምስተኛውም ቀን መጥታ «ደረቀ ወይ?» ትላለች፤ እሱም ዓይን ዓይኗን እያየ «ገና ነው» ይላል።

ችግራቸው አንዲት የበለስ ዛፍ ሆነች። ጁማና አዛውንቶቹን ቤት ለቤት ዞራ ስትጠይቅ ጉድጓዱ እዚህ፣ አውድማው እዚያ እያሉ ሁሉም ተስማሙ። በሁለቱ እርሻዎች ድንበር ላይ ስለቆመችው በለስ ስትጠይቅ ግን አያቷ ሐጅ ፈውዚ «የኛ ናት» አሉ፤ የዋኢል አያት ኡም ረሺድም «የኛ ናት» አሉ። ሲፈናቀሉ ሐጅ ፈውዚ የዘጠኝ ዓመት፣ ሴትዮዋ የሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ። መንደሩ ፈርሷል፤ ዛፏ ትኑር ትድረቅ የሚያውቅ የለም። ጠቡ ግን አብሯቸው ተሰዶ ድንኳን ገባ፤ ከድንኳኑም ወደ ብሎኬት ቤቱ ተከትሏቸው መጣ።

ዋኢል ጁማናን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል የቀረበለትን ቡና አይቀምስም፤ ወሬው በለሷ ላይ ደረሰና ቡናው በርዶ ተደፋ። በሁለተኛው ዓመትም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ግድግዳው ላይም የበለሷ ቦታ ባዶውን ቀረ።

ሦስተኛው ሽምግልና የፈረሰ ሰሞን ሁለቱ ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

«የአጎቴ ልጅ በርሊን ና ይለኛል» አላት፣ መሬት መሬት እያየ።

«እና?»

«እኔ እንጃ። ደክሞኛል ጁማና። ለአንዲት ዛፍ!»

«እኔስ አልደከመኝም? ግን አያቴ ከሷ ሌላ ምን አላቸው?»

አንድ ጊዜ ብቻ ሽማግሌ ልላክ፣ እምቢ ካሉ እሄዳለሁ ብሏት ተነሣ። አትሂድ አላለችውም። እጁ ላይ የደረቀውን ልስን ብቻ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችለት።

በአራተኛው ጊዜ ኡም ረሺድ ራሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሐጅ ፈውዚ ቤት መጡ። ሴት በሽምግልና መምጣቷ አልተለመደም፤ ግን ማን ይከልክላቸው? በየደረጃው እያረፉ፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ወጡ።

«ፈውዚ፣ ዛሬም እንደ ልጅነትህ ግትር ነህ አሉ።»

«አንቺስ የሰው ዛፍ ላይ መውጣት ተውሽ?»

«በለሷ የኛ ናት።»

ጁማና ከበሩ ጀርባ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ ሄደ አለች በልቧ።

«የኛ ስለሆነች ነው የምሰጣት» አሉ ኡም ረሺድ ትንፋሻቸውን ሰብስበው። «የሌለኝን ከየት አምጥቼ እሰጣለሁ? ለልጅቷ ጥሎሽ ትሁናት። ላንተ እንዳይመስልህ ታዲያ፤ ለሷ ነው።»

«ከነጥላዋ?» አሉ ሐጅ ፈውዚ።

«ከነጥላዋ፣ ከነወፎቿ።»

«የገዛ ዛፌን ለገዛ ልጄ ስትሰጪ ላመሰግንሽ ነው እንግዲህ!» አሉና ስኒውን በገዛ እጃቸው አቀበሏቸው። «ጠጪ፣ ሳይበርድ።»

ሸኹ የጋብቻውን ውል ሲጽፉ «የት ያለች በለስ ልበል?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱ አዛውንቶች በአንድ ድምፅ «ከአውድማው በላይ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር» ብለው መለሱ። በዚያ ቤት የሳቀ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ እዚሁ በሰው አገር አፈር ተኝተዋል። ዋኢል በርሊን አልሄደም፤ አሁንም ይለስናል። የባሕሩ ርጥበት በየሁለት ዓመቱ ግድግዳውን ይልጠዋል፤ እሱ ይለስናል፣ እሷ መንደሩን ከነበለሷ እንደገና ትስላለች። አንዳንዴ ይደክማትና ብሩሿን እንደያዘች ትቀመጣለች፤ እሱም አጠገቧ ይቀመጣል።

ልጆቼ፣ ሁሉን ያዙ አልላችሁም፤ ይከብዳል። ግን አንድ ቀን የዴይር ሱማቅ በለስ የማን ናት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የጁማና ናት በሉልኝ።