የብሎጋችን አርባ አንደኛ ተማሪ

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት ሰዓት። ቦታው የማስተምርበት ትምህርት ቤት።

ይህን እየጻፍኩ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቼ እጄን ታጥቤያለሁ...

የስድስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። አርባ ተማሪዎች አሉኝ፤ አንዷ የገዛ ልጄ ናት። ዴስኮቹ ሦስት ሦስት ልጅ ይይዛሉ፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ይተርፋል። የምትተርፈው ሁልጊዜ የኔዋ ናት። "የቲቸር ልጅ ናት፣ ታሳብቃለች" ብለው አጠገቧ ድርሽ አይሉም። ከኋላ ብቻዋን ስትቀመጥ ሳይ አንጀቴን ትበላኛለች።

ልጆቹ መጻፍ እንዲለምዱ ብዬ የክፍል ብሎግ ከፈትኩ። እያንዳንዱ በቅጽል ስም ይጽፋል፣ ሌሎቹ ኮሜንት ይሰጣሉ፣ እኔ ያጸደቅኩት ብቻ ይታያል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭር አለ።

"መምህርት፣ እስከ ወር መጨረሻ ካልሞቀ እንዘጋዋለን" አለኝ ምክትል ርዕሰ መምህሩ።

እልህ ያዘኝ። ሳይቸግረኝ አንድ ተማሪ ፈጠርኩ። ስሙን "ዝርክርኩ" አልኩትና በእሱ ስም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"እጄን አልታጠብም። ጥፍሬን አልቆርጥም። ማስቲካዬን ዴስክ ሥር እለጥፍና ሲርበኝ መልሼ አኝከዋለሁ።"

ሐሳቤ ክፉ አልነበረም። እሱን ሲመክሩ በዚያው ስለ ንጽህና ይጽፋሉ ብዬ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ለካ እንደኔ ላለችው ነው።

ኮሜንቱ ዘነበ! መጀመሪያ ምክር ነበር። ቆይቶ "ትገማለህ"፣ "ትል"፣ "ከክፍላችን ውጣልን" ሆነ። እኔ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ብሎኝ፣ ሳላነብ በጅምላ አጸድቅ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያን ሐሙስ ልጆቹ ለስፖርት ወጥተው ነበር። ብቻዬን የኮምፒውተር ክፍል ገብቼ ብሎጉን ከፈትኩ።

አዲስ ጽሑፍ አለ። በዝርክርኩ ስም።

እኔ አልጻፍኩትም፣ አላጸደቅኩትምም... ፓስወርዱን ደግሞ ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

"ጥፍርህን ቁረጥ አላችሁኝ። ቆረጥኩ። የጠመኔው ካርቶን ውስጥ አለ።"

ሳቅኩ። አንዱ ጉደኛ ፓስወርዴን አይቶ ቀልዶብኛል አልኩ። ቢሆንም ወደ ክፍላችን ሄጄ የጠመኔውን ካርቶን ከፈትኩ።

አሥር ጥፍር።

ተቆርጦ አይደለም፣ ተነቅሎ። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ከሥሩ ሥጋ የያዘ። ጠመኔዎቹ በሆነ ዝልግልግ ነገር ርሰዋል። ሽታው የሰነበተ ወተት ነው። ካርቶኑን ወረወርኩና አፌን በእጄ ያዝኩ።

ስልኬ ጮኸ። ብሎጉ ላይ አዲስ ጽሑፍ።

"ማስቲካ ለጥፈህ አትሂድ አላችሁኝ። አነሳሁት። የናንተንም አነሳሁት።"

ጎንበስ አልኩ። የእነዚያ ዴስኮች ሥር የስንት ዓመት ማስቲካ ተለጥፎበት ኮረኮንች የሆነ ነበር። አሁን ልሙጥ ነው። የተላሰ ነው። ምራቁ ገና አልደረቀም፣ ጠብ... ጠብ... ይላል።

በየዴስኩ ሥር አየሁ። ሁሉም እንደዚያው ነው። የምራቁ መስመር ወለል ለወለል ሄዶ ያለቀው ከኋላ ነው። የልጄ ዴስክ ጋ።

ስልኬ እንደገና ጮኸ።

"ሁላችሁም ውጣ አላችሁኝ። አንዷ ግን ና አለችኝ።"

ኮሜንቶቹን ወደ ታች አወረድኩ። ከስድቡ ሁሉ መሃል አንድ ደግ ቃል ተቀብሯል፦ "አይዞህ። እኔም ብቻዬን ነኝ። አጠገቤ ቦታ አለ፣ ና ተቀመጥ።"

ቅጽል ስሙ የልጄ ነው። ያጸደቅኩት እኔ ነኝ።

እንዴት ሜዳው ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። ልጆቹ ኳስ ይራገጣሉ። የኔዋ ጥግ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወንበሩ ባዶ ነው፤ እሷ ግን ልትወድቅ እስክትደርስ ድረስ ተጠግታ ቦታ ለቃለች። ታኝካለች።

"ተነሽ! ነይ እንሂድ!"

"ቀስ በይ እማዬ... ትረግጪዋለሽ።"

"ማንን?"

ማኘኳን ቀጠለች።

"ምንድነው የምታኝኪው?"

"ማስቲካ።"

"ማን ሰጠሽ?"

ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ በዓይኗ አሳየችኝ። ያ የወተት ሽታ መጣ።

"ትፊው! አሁኑኑ ትፊው!"

መዳፌ ላይ ተፋችው። ግራጫ ነው፣ ጠጉር ተጣብቆበታል፣ ገና ለብ ያለ ነው። መሃሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ተሰክቷል።

ጥርስ ነው።

በሌላው እጄ አፏን ከፈትኩ። ጥርሶቿን አንድ በአንድ በጣቴ ነካሁ። አንዱም አልጎደለም።

"ብሎጉን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ" አልኩ።

"እማዬ በናትሽ አታባሪው። ሁሉም አባረውታል። እኔን የሚያጫውተኝ እሱ ብቻ ነው።"

እንባዋ መጣ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና በሹክሹክታ፦

"መልሺለት። ያለ ጥርሱ ሲስቅ ያፍራል።"

ማስቲካውን የያዘውን እጄን ልሰበስብ ስል...

ለብ ያለ፣ እርጥብ ጣት መዳፌን ዳሰሰ። ጥርሱን ፈልጎ አገኘና ቀስ ብሎ አነሳው።

ጣቱ ጥፍር አልነበረውም።