ስም ያልወጣላት

መምህር ናስረዲን ስሟን ሲጠሩ ማሚት ደብተሯን ይዛ ተነሣች፤ ወደ ሰሌዳው ግን አልሄደችም። ደብተሩ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ሚዛን ተፈሪ ባለው ትምህርት ቤታቸው የስምንተኛ ለ ተማሪዎች ያን ሳምንት የተሰጣቸው የአማርኛ የቤት ሥራ አንድ ነበር፤ ስማችሁ ምን ማለት ነው፣ ማን አወጣላችሁ፣ ለምን? መምህሩ ከራሳቸው ጀምረው ናስረዲን በዐረብኛ «የሃይማኖት ድል» እንደ ማለት መሆኑን፣ ስሙን ያወጡላቸውም ጅማ ያሉ አያታቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ከዚያ ተማሪዎቹ በየተራ ወጡ። ባዘዘው የሚባለው ልጅ፣ አባቱና እናቱ በስሙ ሳይስማሙ ወር ሙሉ ሲከራከሩ አያቱ ሰልችቷቸው «እንግዲህ እግዚአብሔር ባዘዘው ይሁን» እንዳሉና ስሙም በዚያው እንደ ቀረ ተናግሮ ክፍሉን አሣቀ። የማሚት የቅርብ ጓደኛ መርዋ ደግሞ ስሟ መካ ያለ የኮረብታ ስም መሆኑን ተናገረች። ሐጀር የተባለችው እናት ሕፃን ልጇ በውሃ ጥም ሲያለቅስባት፣ ውሃ ፍለጋ በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሰባት ጊዜ ተመላልሳ እንደ ሮጠች ተረከች። አያቷ አባፎጊ የተባሉት በፈረስ ስም እንደሆነ፣ በእነሱ አገር ድሮ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደ ነበርም ጨመረች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማት።

አሁን ተራው የማሚት ነበር።

«የእኔ ስም ትርጉም የለውም» አለች።

መምህሩ ትርጉም የሌለው ስም እንደሌለ በቀስታ ነገሯት። ባዘዘው ከኋላ ወንበር ጣልቃ ገባ።

«አለው እንጂ ቲቸር። ማሚት ማለት ሚጢጢ ልጅ ማለት ነው። እኛ ሰፈር አምስት ማሚቶች አሉ፤ አንዷ ገና ዳይፐር ላይ ናት።»

ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። ማሚትም አብራ ሣቀች፤ ጉንጮቿ ግን ጋሉባት። መምህሩ ክፍሉን ጸጥ አሰኝተው እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጧትና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ነገሩ ያቃጠላት እውነት ስለ ነበረ ነው። «ማሚት» ሰዎች ስሟን የማያውቁትን ሴት ልጅ ሁሉ የሚጠሩበት ቃል ነው። መንገድ ላይ የባጃጅ ሹፌር «ማሚት፣ ከመንገዱ ውጪ» ብሎ ሲጮህ ሦስት ልጆች አብረው ይዞራሉ። የዘጠኝ ዓመት ወንድሟ እንኳ ብሩክ ነው፤ የተባረከ። ይህንን ደግሞ እናታቸው በየነች ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር ኖራለች። ስለ ማሚት ስም ግን አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም።

በዚያው ቀን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የስምንተኛ ክፍል ፈተና መመዝገቢያ ቅጽ ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን እንዲያይ፣ ስህተት ካለ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስተካክሎ ጽፎ ወላጅ አስፈርሞ እስከ ዓርብ እንዲመልስ ነገረቻቸው። ከዓርብ በኋላ የሚመጣ ልጅ እንደማይስተናገድ፣ ቅጹ ላይ ያለው ስም ሰርተፍኬቱ ላይ ወጥቶ ዕድሜ ልክ እንደሚከተል አስጠነቀቀች። ማሚት ቅጹን ተቀብላ አየችው። «ማሚት አሞጽ» ይላል። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከመርዋ ጋር በክፍላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገር ነገረቻት። ስድስት ዓመቷ ሳለ የእናቷ ታናሽ እህት አክስቷ ካሰች ከጌጫ መጥታ ነበር። ልጆቹን ለምሳ ስትጠራ ማሚትን ዓይን ዓይኗን እያየች «ዮሃና፣ ነይ» አለቻት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። በየነች ተነሥታ ከቤት ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሚት ያንን ስም በልቧ ይዛው ኖራለች። እውነተኛ ስሟ እሱ ነው፤ በሆነ ምክንያት ደብቀውባት ነው።

መርዋ ለምን እናቷን እንዳልጠየቀቻት ጠየቀቻት። ማሚት ብዙ ጊዜ ልትጠይቃት አስባ እንደ ነበር፣ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ቃሉ አልወጣ እያላት እንደ ቀረ ነገረቻት።

«አሁን ግን አልጠይቅም» አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ባዶው ቦታ ላይ «ዮሃና አሞጽ» ብላ ጻፈች። መርዋ ለማንኛውም በእርሳስ ብትጽፈው ይሻል እንደ ነበር ብትነግራትም ማሚት አልሰማቻትም።

ቤት ስትደርስ እናቷ ደጅ ተቀምጣ ለራት ጎዳሬ ትልጣለች። አባቷ አሞጽ ወደ ቱም የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቅዳሜ ካልሆነ አይገኝም፤ መፈረም የምትችለው እናቷ ብቻ ናት። ማሚት ቅጹን ሰጠቻት። በየነች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ቀስ ብላም አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው።

«ይህን ስም ማን ነገረሽ?»

«አክስቴ ካሰች። ስሜ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ያንቺ አይደለም።»

ወረቀቱን መልሳ ሰጠቻትና ቢላዋዋን አነሣች። ማሚት አልተንቀሳቀሰችም። ስሟ ካልሆነ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ብሩክ ስም እያለው እሷ እንደ መንገድ ልጅ ማሚት የምትባለው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። የሚላጠው ልጣጭ እየወፈረ ሄዶ ጎዳሬው ሊያልቅ ደረሰ።

«እስከምትነግሪኝ ድረስ እጠይቅሻለሁ» አለች ማሚት። «ዛሬም፣ ነገም። ዓርብ ደግሞ ወረቀቱን ይቀበሉኛል።»

በየነች ድስቱን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ማሚት ከመርዋ ስልክ ተውሳ ጌጫ ደወለች። አክስቷ ካሰች የሆነውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ይህ ነገር በእሷ አፍ የሚነገር እንዳልሆነ ገለጸችላት። «እኔን ራሴን ካሰች ያሉኝ ከእኔ በፊት የሞተውን ወንድሜን ክሳለች ብለው ነው» አለቻት። «ሰው እኔን በጠራ ቁጥር እናቴ እሱን ታስታውስ ነበር። ስም ቀላል ነገር አይደለም ልጄ። እናትሽን አትቆጫት፤ ግን ሳትነግርሽ ከአጠገቧ አትነሺ።»

ሐሙስ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ጓሯቸው ውስጥ ካሉት ጥቂት የቡና ዛፎች የለቀሙት ቡና ከፍ ባለው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ እናትና ልጅ ከሁለት ወገን ሮጡ። ቡናውን በእጃቸው ሰብስበው፣ ላስቲኩን ስበው ሸፈኑ፣ ጫፍ ጫፉን በድንጋይ ያዙ። ሲጨርሱ ሁለቱም ርሰዋል። ቤት ከመግባት ይልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ማሚት የአክስቷን ቃል አስታውሳ ዝም ብላ ጠበቀች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

በየነች ዓይኗን ከላስቲኩ ሳትነቅል ጀመረች።

ከማሚት በፊት ሦስት ልጆች ወልዳለች። ያን ጊዜ የሚኖሩት ቴፒ ነበር። የመጀመሪያው ፍሬአብ ይባላል፤ ሁለት ወር ቆየ። ሁለተኛው ባስልኤል ነው፤ ግድግዳ ይዞ መሄድ በጀመረ በሳምንቱ ወባ ወሰደው። ሦስተኛዋ ሴት ናት። ሦስት ዓመት ኖረች፣ ትዘፍናለች፣ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ታወራለች። እሷም አንድ ቀን አተኮሳት፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ስትጠራት አልመለሰችም።

«ዮሃና እሷ ናት» አለች በየነች።

ማሚት እጆቿን ጉልበቷ መሀል አድርጋ አጥብቃ ያዘቻቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ የሞተች እህቷን ስም የራሷ አድርጋ ስትይዝ ኖራለች።

«አንቺ ስትወለጂ አባትሽ ስም ይዞ መጣ። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። ስም አውጥቼ የጠራሁት ሁሉ ሄደብኝ፤ ስም ከሌላት ማን ብሎ ይወስዳታል አልኩ።» ድምጿ እንደ ተለመደው ነበር፤ ዓይኗ ብቻ ረጥቧል። የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ይህ እምነት እንዳልሆነ ነግረዋት እንደ ነበር፣ እሷም እውነትዎን ነው፣ ግን ተዉኝ እንዳለቻቸው ለልጇ ነገረቻት። ጎረቤቱ ሕፃኗን ማሚት ማሚት ሲል እሷም አብራ ማሚት አለች። ሌላ ነገር ብላት አታውቅም።

ማሚት ለሁለት ቀን ያስጨነቃትን ጥያቄ ያኔ ጠየቀች። ብሩክ ሲወለድ ስም ወጥቶለታል። እሷን ያን ጊዜ ለምን ረሷት?

በየነች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጇ ዞረች።

«ብሩክን ስም ለማውጣት የደፈርኩት አንቺን አይቼ ነው። አምስት ዓመት ሞልቶሽ፣ እዚህ ግቢ ትሮጪ ነበር። አንቺን ግን መንካት ፈራሁ። ማሚት ብዬ ጠርቼሽ አንድ ቀን እንኳ ሳትመልሺልኝ ቀርተሽ አታውቂም።»

ዝናቡ እየቀነሰ ሄደ። ብሩክ ከውስጥ ብቅ ብሎ ራት መቼ እንደሚደርስ ጠየቀ፣ ሁለቱን ካየ በኋላ መልስ ሳይጠብቅ ተመለሰ። በየነች ቅጹ የት እንዳለ ጠየቀች። ማሚት ከቦርሳዋ አወጣችው። እናቷ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጥንቃቄ ፈረመች።

«አሁን ትልቅ ሰው ነሽ። የምትፈልጊውን ስም ጻፊ፤ እኔ አልከለክልሽም» አለቻት። «የእህትሽን ግን ተይላት።»

ያን ምሽት ማሚት ለአባቷ ደውላ ያን ጊዜ ይዞት የመጣው ስም ምን እንደ ነበር ልትጠይቀው ትችል ነበር። የእናቷን ስልክ አንሥታ ጥቂት አሰበችና መልሳ አስቀመጠችው።

ዓርብ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና ለክፍሉ ሁሉንም ብትናገር ቅር ይላት እንደሆነ እናቷን ጠየቀቻት። በየነች የልጇን ኮሌታ አስተካከለች።

«ስማቸውን በደንብ ጥሪልኝ» አለቻት በመጨረሻ።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ሁለት ልጆች የፊደል ስህተት ያስተካክላሉ፤ አንዷ ስሟ የድሮ ነው ብላ ልታስቀይር ከአባቷ ጋር መጥታለች። የማሚት ተራ ሲደርስ ስሟ የታተመበት ሌላ አዲስ ቅጽ ጠየቀች። ጸሐፊዋ የተፈረመበትን ወረቀት አየችና የወላጅ ፊርማ እስካለ ድረስ ስሟ ዛሬውኑ ሊቀየር እንደሚችል ነገረቻት።

«አይቀየርም። በስህተት ነው የጻፍኩት» አለች ማሚት።

ጸሐፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት። «ማሚት» የቤት ስም እንደሆነ፣ ብዙ ልጆች በኋላ መጥተው እንደሚያለቅሱ፣ ያን ጊዜ ግን ምንም ማድረግ እንደማይቻል አስረዳቻት። ማሚት እንደ ገባት ተናግራ አዲሱን ቅጽ ተቀበለች። ስሟንና የአባቷን ስም አንብባ «ትክክል ነው» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። አሮጌውን ቅጽ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የእናቷ ፊርማ አለበትና መጣል አልፈለገችም።

አማርኛ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህር ናስረዲን ገና የስም መጥሪያውን ሲከፍቱ ማሚት እጇን አወጣች። መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱላት። ደብተሯን ጠረጴዛዋ ላይ ትታ ተነሣች። መርዋ ቀና ብላ አየቻት። ከኋላ ባዘዘው ለጎረቤቱ የሆነ ነገር ሹክ ሲለው ሰማችው፤ አልዞረችም።

ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ ሦስት ስሞች ከላይ ወደ ታች ጻፈች። ፍሬአብ። ባስልኤል። ዮሃና። ከሥራቸው አራተኛ አድርጋ የራሷን ጻፈች፤ ፊደሎቹ ከሦስቱ አላነሱም፣ አልበለጡም። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረች። የኋላው ወንበር ጸጥ እስኪል ድረስ ጠበቀች።

«ከላይኛው እጀምራለሁ» አለች።