«አንተ» ያለችው ማንን ነው?

ዶክተር ሊንድነር ወደ ክፍሉ ሲገባ ኦርትቪን ብራንት የሚስቱን ጸጉር እያበጠረ ነበር።

«ይቅርታ አቶ ብራንት፣ ማበጠሪያውን ለእሳቸው ይስጧቸው። እስቲ ይሞክሩት።»

«እጇ ከትከሻዋ አያልፍም እኮ። ሦስት ዓመት ያበጠርኳት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ላያልፍ ይችላል። ነገም እንሞክራለን።»

ሚስቱ ሄንሪከ ለዶክተሩ ፈገግ አለችለት። ያንን ፈገግታ ኦርትቪን ካየው ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ለሌላ ሰው ሆነ! ቅናት ሆዱ የገባው ያን ጊዜ ነው።

የሄንሪከ በሽታ ክፉ ነው። ከበሽታ ሊጠብቃት የሚገባው የገዛ ደሟ ጡንቻዎቿን እንደ ጠላት ቆጥሮ ተነሣባቸው። ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። በመጨረሻ ኧርላንገን ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ጀመረላት። ሴሎች ከደሟ ወስደው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለውጠው መለሱላት። ሊያድናት ይችላል፤ አእምሮዋንም ሊያውክ ይችላል ተብሏል።

ኦርትቪን ሁለቱንም ይፈራል። የቀሚሷን ቁልፍ የሚቆልፍላት፣ ከወንበር የሚያነሣት፣ ሾርባ የሚያጎርሳት እሱ ነው። እጇ ከተመለሰ እሱን ምን ታደርገዋለች? እንዲህ ያስብና በራሱ ያፍራል።

ሴሎቹ በገቡ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ትኩስ ብሬትዝል ዳቦ ገዝቶላት ሲመጣ፣ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ወረቀት እያነበበ ብቻውን ይስቃል። ኦርትቪን በትከሻው በኩል አየ። የሚስቱ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ አንድ መስመር።

«በሁለት እጄ አንተን ማቀፍ ናፍቆኛል።»

አንተ! እዚህ ጀርመን ሐኪምና ታማሚ ሃያ ዓመት ቢተዋወቁም «እርስዎ» ነው የሚባባሉት። ኦርትቪን ራሱ ሄንሪከን «አንቺ» ለማለት ስድስት ወር ፈጅቶበታል። ፍቅር ዕውር ነው ይላሉ። ቅናት ግን ያነባል፤ የሚያነበው አይገባውም እንጂ።

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ምን ሆነሃል?» አለች ሄንሪከ።

«ማቀፍ የናፈቀሽን ሰውዬ ጠይቂው።»

«የቱን ሰውዬ?»

«አንተ የምትይውን ዶክተር! በእጅሽ ጽፈሽለት አይቻለሁ።»

ትንሽ አየችውና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንተ ጅል! በየጠዋቱ ያጽፉኛል እኮ። ሴሎቹ አእምሮዬን ከነኩት ጽሕፈቴ ይበላሻል፣ በዚያ ያውቃሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይምረጡና በየቀኑ እሱኑ ይጻፉ አሉኝ። ጎረቤቴ ሽማግሌ 'ዛሬ ፀሐይ ነው' ብለው ይጽፋሉ። ሳምንቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል።»

«ዶክተሩ ምን አሳቀው ታዲያ?»

«ትናንት ፊደሎቼ ተንጋደው ነበር። ዛሬ ቀና ብለው ሲያይ ደስ አለው።»

ኦርትቪን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ትናንት ተንጋደው ነበር? አልነገርሽኝም...»

«ብነግርህ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?»

ቀስ ብሎ፣ «እኔ ደግሞ... ስትድኚ አታስፈልገኝም ትይኛለሽ ብዬ ነው የፈራሁት» አለ።

«ኦርትቪን፣ ውለታህን አልረሳም። ግን እኔ ነርስ አላገባሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ባሌ ናፍቆኛል።»

ኦርትቪን አለቀሰ። አላፈረበትም።

በሰባተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ወጣች። ደረጃውን መደገፊያ ሳትይዝ ወረደች። ኦርትቪን ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው፤ ደግሞ ዘረጋ። የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ቦርሳሽን ልያዝልሽ?»

«ይዤዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ልሥራልሽ?»

«ምንም» አለችው። «ዝም ብለህ አብረኸኝ ሂድ።»

አብሯት ሄደ።